ስለ ቁም ሳጥኑና ስለ ትንሿ ራውተር

ጸጋአብ፣
እናቴ ትሙት፣ የምነግርህ ውስጥ አንዲት ውሸት የለችም።

«ይቺ የእንጨት መቅረጫ ራውተር ጠርዝ ከማለስለስ በቀር ምን ታውቃለች?» ስትል ሰምታህ ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ሳልነካት ከጠረጴዛው ወርዳ፣ እያጉረመረመች ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች። እኔ ሁለት ወር ለፍቼበት፣ አንተ ለአማትህ ለትሩፋት አባት «በገዛ እጄ ሠራሁት» ወዳልከው።
በሩ ላይ «ሕዝቅኤል ሠራው» ብላ ቀረጸች።

እኔ ፊደሉን ችፑድ ጣውላ ላይ ቆርጬ መንገድ ብቻ አሳየኋት። ስትሞክረው በአንዴ አታጥልቃት፤ ሦስት ጊዜ አመላልሳት፣ እንጨቱ አይቃጠልብህም።

ያዘዝከው ጋሪ መጥቶ ቁም ሳጥኑን ጎፋ፣ አማቶችህ ቤት ወስዶታል።
መላጊያህን ሳላስፈቅድ ይዤ ሄጃለሁ፤ እሱን ይቅር በለኝ።
ስለ ጽሑፉ አትደንግጥ፤ ከበሩ ጀርባ ስለሆነ ልብስ ይሸፍነዋል።

እሺ፣ አንዲት ውሸት ፈጥሬያለሁ።
ከጀርባ አይደለም፤ ፊት ለፊት ነው።

ሕዝቅኤል