ዲግሪውን ሳይዝ እንዳትነግሩት

ይድረስ ለየሺዬ፤ አድራሻሽን ለሚያውቀው አምላክ አደራ ብያለሁ።

የሄድሽው የመስቀል አበባ ጠውልጎ ሳያልቅ ነበር። አበባው ተመልሶ መጣ፤ ይኸው እሱም ጠወለገ። ዓመት ሆነሽ ማለት ነው። በሕይወትሽ አንድም ደብዳቤ ተጽፎልሽ አያውቅም፤ ለልጃችን ለአበራ የምጽፈውን ግን «እስቲ ድገመው» እያልሽ ታስነብቢኝ ነበር። ይህኛው የራስሽ ነው። እንደ ድሮው ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ፤ አንቺም እንደ ድሮው «እዚህ ጋ አበላሸኸው» በይኝ።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። ስፌት መኪናዬ ያው በረንዳው ላይ ነው። ዘይት የምታጠጪው አንቺ ነበርሽና አሁን እየጮኸ ነው የሚሰፋው። ጎረቤታችን ዘይነባ በአጥር በኩል ሽሮ ታቀብለኛለች፤ ስታቀብለኝም «አብሽር ወንድሜ፣ አላህ ያበርታህ» ትለኛለች። እኔም አሜን እላለሁ እንጂ መበርታቱስ የለም።

መካነ ሰላምን ብታያት አታውቂያትም። የንጉሡን መውረድ ሰምተሽ ነበር፤ አሁን ደግሞ መሬት ለአራሹ ተባለ። በአባትሽ መሬት ክርክር ደጅ ስትጠኚ የኖርሽበት ቢሮ ትዝ ይልሻል? ዲግሪ ያላቸው ሹም ታስረዋል። በር ላይ ቆሞ «ነገ ተመለሱ» ይልሽ የነበረው ዘበኛ የቀበሌ ሊቀመንበር ሆኗል። ወንበር አገኘ እንጂ «ነገ ተመለሱ» ማለቱን አልተወም። ይህን ስሰማ በመጀመሪያ ሳቅሁ፤ ከዚያ ልነግርሽ ዞር ስል አንቺ የለሽም።

በዲግሪ ጉዳይ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! አበራ ማትሪክ ያለፈ ጊዜ እኔ እንደ ዘይነባ ልጅ እንደ ሙሄ መምህርነት ይግባ አልኩ። አጭር ትምህርት፣ ወዲያው ደሞዝ። ዩኒቨርሲቲ ዓመታት ይፈጃል፤ ማን ያውቃል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን አልኩሽ። አንቺ እቴ! «እኔ በሰው ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ያረጀሁት ይበቃል፣ የእኔ ልጅ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ደጅ የመጣችውን ባልቴት ‹ግቢ› ይበላት እንጂ» አልሽ። ሱሪውን በልኩ ሰፍቼ ወደ አዲስ አበባ ሸኘሁት።

ከዚያ ያ የችጋር ዓመት መጣ። ሙሄ ከአጅባር፣ ከሚያስተምርበት፣ በደሞዙ ገብስ እየገዛ ለእናቱ ላከ፤ ዘይነባም ለእኛ አካፈለች። የእኛ ልጅ የላከልን ወሬ ነበር። ተማሪዎቹ ቁርሳቸውን ለወሎ ረሃብተኛ እንደተዉ ሲጽፍልን፣ አንቺ ረሃብተኞቹ እኛው መሆናችንን ረስተሽ «ልጄ ቁርስ ሳይበላ!» ብለሽ አለቀስሽ። እኔ ደግሞ ይኸው፣ መምህር ቢሆን ኖሮ ብዬ ልናገር ከአፌ መለስኩት። ደግም አደረግሁ።

በዚያ ዓመት ከአቡጀዲ ሌላ ጨርቅ የቀደድኩ አይመስለኝም። ሱሪ የሚያሰፋ ጠፍቶ አገሩ ሁሉ መገነዣ ፈላጊ ሆነ። አንቺ ከቆላ ወጥተው በረንዳችን ላይ የወደቁትን ታጥቢ፣ አጥሚት ታጠጪ ነበር። ዝናቡ ተመልሶ ሰው ወደ ቀዬው መግባት ሲጀምርም አልተውሻቸውም። አበራ ክረምቱን ከእኛ ጋር ከርሞ ለመጨረሻው ዓመት ትምህርት እንደሄደ ከእነሱ የተጋባብሽ ተስቦ ጣለሽ። እነሱን አልወቅስም፤ አንቺንም መከልከል አልቻልኩም። አቡጀዲውን ለአንቺም የቀደድኩት እኔ ነኝ። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ ለምዶ ነበር። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ትኩሳቱ በረድ ባለልሽ ሰዓት እጄን ይዘሽ «ዲግሪውን ሳይዝ እንዳትነግሩት» አልሽ። አንድ ዓመት ነው የቀረው፣ ሰምቶ ትምህርቱን ጥሎ ይመጣል፣ ከዚያ የለፋሁት ሁሉ ውሃ በላው ማለት ነው አልሽ። ማልኩልሽ። የቅሬው፣ የዕድራችን ሽማግሌዎችም እንዲህ ያለ መርዶ ለተማሪ አይነገርም፣ ሲመረቅ አምጥተን በወጉ እናረዳዋለን ብለው ተስማሙ። ከተማው እንዳለ አፉን ዘጋ፤ አዲስ አበባ የሚወርዱት የጭነት መኪና ሾፌሮች ሳይቀሩ ሚስጥር ጠባቂ ሆኑ።

እኔም ደብዳቤ ስጽፍለት «እናትህ ደህና ናት፣ ትስምሃለች» ማለት ጀመርኩ። መጀመሪያ በዚያ ብቻ አልፍ ነበር። እያደር ግን በእኔ ብዕር ብርድ ልብስ እንዲደርብ አዘዝሽው። ፀጉሩን እንዲቆረጥ ተቆጣሽው። አንዴማ ስለ እኔ ስሞታ አቀረብሽ፣ ካፖርቱን አልቀይርም ብሎ አስቸገረኝ ብለሽ። ልክ እንደ አንቺ ነበር የተናገርሽው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደብዳቤውን የምጽፍበት ቀን ቤቱ ሰው ያለበት ይመስለኝ ነበር።

ግን ምን ዋጋ አለው፣ ዲግሪው ራሱ ዘመተ። ዩኒቨርሲቲው ተዘጋና ተማሪው በሙሉ ገበሬውን አስተምሩ፣ አደራጁ ተብሎ ወደ ገጠር ተላከ። አበራ ደቡብ አንድ ቆላ ወረዳ ደረሰው። መቼ ተመልሶ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ዲግሪውን እስኪይዝ ብዬ ማልኩልሽ፤ ካልያዘስ? ሽማግሌዎቹን ብጠይቃቸው ቄሱን ጠይቅ አሉኝ። ቄሱን ጠየቅሁ፤ እሳቸውም ጸልይ ብቻ አሉኝ። ሙት ዓመትሽን አንድያ ልጅሽ ሳይኖር እንዴት አደርገዋለሁ ብዬ አቆየሁት።

ሰሞኑን አንድ ሾፌር ደብዳቤውን አመጣልኝ። ለዘይነባ ሰላምታ አለ፣ ለሙሄ አለ፣ ለሽማግሌዎቹ በየስማቸው አለ፣ ለስፌት መኪናው እንኳ ቀልዶ ሰላም በልልኝ ብሏል። አንቺን ግን አልጠራሽም። ገልብጬም አየሁት፣ የለሽም። እሱ እኮ ገና ሲጀምር «እማዬ እንዴት ናት» የሚል ልጅ ነው።

አውቋል የሺዬ። ማን እንደነገረው፣ ለብቻው የት ቁጭ ብሎ እንዳለቀሰ አላውቅም። መሐላዬንም ነግረውት ይሆናል፤ እንዳፈርሰው ስላልፈለገ፣ እኔንም ላለማሳፈር ብሎ ዝም አለ። ያ ሁሉ ቁጣና ስሞታ ሲደርሰው ከመቼ ጀምሮ ያውቅ እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ከታች ምክር ይጠይቀኛል። ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ተመልሼ ልጨርስ ወይስ እዚሁ የገበሬውን ልጆች ማስተማሬን ልቀጥል፣ ከእንግዲህስ ዲግሪ ለሥራ የሚያበቃ ይመስልሃል፣ ያልከኝን አደርጋለሁ ይላል። ድሮ ቢሆን «ከእማዬ ጋር ተማከሩና ጻፉልኝ» ነበር የሚለው። እኔ ምን አውቃለሁ? የተማሩት ታስረዋል፣ ያልተማረው ተሹሟል፣ ነገ ደግሞ ማን ማንን እንደሚያስር አይታወቅም። መምህሩ ሙሄ እናቱን አብልቷል። ተመለስ ብዬ ብጽፍለት ልጄን የት ነው የምከተው? ተው ብዬ ብጽፍለት ደግሞ ያንቺን ድካም በእጄ ልቀብረው ነው?

ዛሬ ወረቀት ይዤ ልመልስለት ተቀመጥኩ። እጄ እንደ ልማዱ «እናትህ ደህና ናት» ብሎ ጀመረ። ቀደድኩት። ሌላ ወረቀት አወጣሁ፤ ያለ አንቺ ደብዳቤ እንዴት እንደሚጀመር ጠፋኝ። ስለዚህ የእሱን ትቼ ለአንቺ ጻፍኩ።

እስካለሁ ድረስ አልረሳሽም። አበራ ሲመጣ ሙት ዓመትሽን በወጉ እናደርጋለን፤ ዘይነባም ዱአ አደርግላታለሁ ብላለች። መኪናውን ዘይት አጠጣዋለሁ፤ በረንዳዬ ላይ የወደቀ ሰውም ሳላጎርስ አላልፍም።

ነገ ለልጅሽ እጽፋለሁ። የራሴ ምክር ስለሌለኝ ያንቺን እጽፍለታለሁ፦ ደጅ ላይ ስለተቀመጥሽበት ድንጋይ፣ ግቢ ስለምትባለው ባልቴት። ከሥሩ መሞትሽን እጽፋለሁ። የቀረውን ራሱ ይወስን።

ባልሽ።