ፀሐይ ወጣ ብለው የተዉት ወንድሜ

መስከረም 20

ወንድሜ ዳኘው ራሱን እንዳያጠፋ፣ የኮሶዬ ዘመዶቻችን ክረምቱን ሙሉ ከጎኑ አልተለዩም። መስቀል ሲያልፍ ግን አጎታችን አያ ታከለ፣ «ጭጋጉ ተገፈፈ፤ አደይ አበባው ፈነዳ፤ በዚህ ፀሐይ ማን ይሞታል?» ብሎ ሰዉን በተነው። አይ አዋቂ! ሞትን እንደ ጎርፍ በክረምት ብቻ የሚመጣ አድርጎት አረፈው።

ዛሬ ኮሶዬ ሄጄ ጎንደር ቤቴ አመጣሁት። ማኪና ውስጥ፣ «ክረምቱንስ ሁሉም እንደኔ ቤቱ ተከቶ ነበር፣ እታለም። ፀሐይ ሲወጣ እኔ ብቻ ቀረሁ» አለኝ። ተናገረልኝ! ነገ አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን።

ማታ አያ ታከለ ደወለ። «ምነው ወሰድሽው? ድኖ አልነበር?»

«አንተ አበባህን ጠብቅ!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ዳኘው ሰምቶ ሳቀ። ሳቁን ረስቼው ነበር እኮ።