የድፎ ዳቦው ዘዴ

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15 ቀን 1988

ዛሬ ጠዋት ፊልም ሠሪዎቹ ነፋስ ስልክ፣ ጎረቤቴ ታደሰ ግቢ ነበሩ። ፊልሙ ደርግን በኅቡዕ ይዋጉ ስለነበሩት የከተማ ታጣቂዎች ነው። ልጄ ሰላምም ትሠራበታለች። ታደሰ ሽጉጥ ድፎ ዳቦ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ አሳያት። ሁሉም አጨበጨቡለት።

«አባዬ፣ ጋሼ ታደሰ ለካ ጀግና ነበር! አንተ ያኔ የት ነበርክ?»

«ቤቴ» አልኳት። ቅናት አንጨረጨረኝ።

ዳይሬክተሩ «ጋሼ፣ ይሄን ማን አስተማረዎት?» አለው። ታደሰ እኔን እያየ «ረስቼዋለሁ» አለ።

ለሰላም ያልነገርኳት፦ አንደኛ፣ ዘዴው የኔ ነበር። ሁለተኛ፣ ዳቦውን እንደያዘ የታሰረው ግን እሱ ነው። ሦስተኛ፣ ስምንት ወር ሲገርፉት ስሜን አላወጣም።

እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳ አላመሰገንኩትም።