የአምሐ ሳል

ኮልፌ፣ አዲስ አበባ
ጥር 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ባለቤቴ ለተሻለች፤

አንቺም ልጃችን አምሐም ወደ ጠበሉ ከሄዳችሁ ወዲህ ቤቱ ሰፍቶብኛል፤ ሌላው ደህና ነው። ይህን ጽሕፈት ያየ ሁሉ «ማን ጻፈልህ?» ይለኛል። እኔው ነኝ! የማታውን ትምህርት ጨርሼ የምስክር ወረቀት ተቀብያለሁ። አስተማሪያችን «ጋሼ መኳንንት፣ ዘገዩ እንጂ ሚኒስትርነት አያንስዎትም ነበር» ብላኛለች። አውቶቡስ ላይ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ያለውን ታፔላ ሁሉ ጮክ ብዬ ሳነብ፣ ትኬት ቆራጩ «ጋሼ፣ በእመብርሃን፣ ሰው ይረፍበት» ብሎ ለመነኝ።

ዲያቆን፣ የምታነብላት አንተ ነህና ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብላት።

ባለፈው ከጠበሉ የተመለሰችው የሺእመቤት «አምሐ ጠበሉን ሲጠጣ ያስለዋል፣ ፊቱ ይጠቁራል፤ ክፉው መንፈስ ሊለቀው ነው» ብላ አበሰረችኝ። እኔም በር ላይ ቆሜ ለሰፈሩ ለፈፍኩ። አንገቱ ሊጸና፣ እግሩ ሊቆም ነው አልኩ።

ማምሻውን ጎረቤታችን ዙቤዳ መጣች። «ለፍልፈህ ከጨረስክ ና» ብላ ጓዳዋ አስገባችኝ። ተሻለች፣ ዙቤዳ ልጅ አላት! ሚስኪ ትባላለች። እንደ አምሐ አንገቷ አይጸናም፣ እጅ እግሯ ግትር ነው። ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር የሰው ዓይን ፈርታ ደብቃት ኖሯል።

«የልጅህን ሳል በግድግዳው ስሰማ የኔዋ እየመሰለችኝ ስንቴ ተነስቻለሁ» አለችኝ። «ይሄ ጋኔን አይደለም፣ ትንታ ነው። በጀርባው አስተኝተው ሲያጠጡት ውኃው ሳንባው ይገባል። የኔዋን ሊገድልብኝ ሲል ነው ሐኪም የነገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽንም?»

«አንተ ምስጢር ትይዛለህ?»

በር ላይ የለፈፍኩት ትዝ አለኝ። እሷ ግን ልጅቷን ጭኗ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት፣ አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ በማንኪያ ጠብ ጠብ አደረገችላት። አንዴም አላሳላትም። «ለሚስትህ ጻፍላት፤ ስሜንም ብትጠራ ግድ የለኝም» አለች።

እና ተሻለች፣ ጠበሉን ተዪ አላልኩም፤ የጠበሉ አባም እንዳይቀየሙኝ። ብቻ አታስተኚው። ደግፈሽ አስቀምጪው፣ ጥቂት ስጪው፣ መዋጡን እዪ። ሲያስለው አቁሚ። «ሊለቀው ነው፣ ጨምሪለት» የሚልሽን አትስሚ። ካተኮሰው ወይም ደረቱ ሲር ሲር ካለ ሳታድሪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ዲያቆን፣ ይህችን ሁለቴ አንብብላት።

እኔ ልመጣ ብዬ ቀበሌ የይለፍ ወረቀቱን እስከ ሰኞ ጠብቅ አለኝ። ወደ ጠበሉ የምትመጣው ወርቄ የይለፍ ወረቀቷ ስለደረሰላት ነገ በማለዳ ትነሳለች፤ ደብዳቤውን በእሷ ልኬልሻለሁ።

ሚስኪ እንዳላት ዓይነት፣ ጎንና ጎኑ መደገፊያ ያለው ወንበር ጀምሬለታለሁ። በኮልፌ እንደኔ ያለ አናጢ እንደሌለ ታውቂያለሽ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ቢያየው ይቀናበታል። (ዲያቆን፣ ይህችን ዝለላት።) ግን የልጁን ልክ አላውቀውም። ጣውላውን ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ደረቱንና ጭኑን በክር ለክተሽ፣ ልኩ ላይ ቋጥረሽ፣ መጀመሪያ ወደዚህ በሚመለስ ሰው ላኪልኝ። ደብዳቤ የሚጽፍልሽ ሰው ስትፈልጊ አትዘግዪ። ክሩ ብቻ ይምጣልኝ።

የጠበሉ ጌታ ትንፋሹን ይጠብቅልን፣ ለአንቺም ክንድሽን ያበርታልሽ።

የአምሐ አባት፣
መኳንንት ደመቀ