የሁለተኛው ዊን ባለቤት ማን እንደሆነ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጨፌ ሆራ ቀበሌ ሊቀመንበር
ሰበታ ዙሪያ፣ ታኅሣሥ 2008 ዓ.ም.

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? መንገድ በተዘጋበትና ጎማ በሚነድበት በዚህ ሰሞን እንኳ በሁለት ፒክአፕ ታጅበው ቢሮዎ በሰላም መግባትዎን ስሰማ፣ ለእኛም የተረፈ ሰላም ይኖር ይሆናል ብዬ ተጽናናሁ።

ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከተማውን ወደ እኛ የሚያሰፋው ማስተር ፕላን በእርሻችን ላይ ስለሚያመጣው ልማት ሲያስረዱን፣ «ዊን ዊን ነው» የሚለውን የእንግሊዝኛ አባባል ሰባት ጊዜ ተጠቅመዋል። ሃያ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ነኝና፣ አነባበብዎ እንከን እንደሌለው እመሰክራለሁ። ቅሬታዎቼ ጥቂት ናቸው።

1. ጎረቤቴ ኦቦ ዲሪርሳ አጠገቤ ተቀምጠው ስለነበር ትርጉሙን በጆሮዬ ጠየቁኝ፤ እኔም ሁለት ወገኖች ተደራድረው ሁለቱም ተጠቅመው ሲለያዩ የሚባል ነው አልኳቸው። እሳቸውም ተነሥተው በአክብሮት፣ «አንደኛው ዊን የእናንተ መሆኑ ገብቶኛል፤ ሁለተኛው የማን ነው?» አሉ። መልሱ ከአዳራሹ በር ላይ በመኪና መጥቶ ወሰዳቸው፤ ዛሬ ስምንተኛ ቀናቸው ነው። ማስተርጎም ወንጀል ከሆነ ቀዳሚው ተከሳሽ እኔ ነኝና፣ እባክዎ ተራዬን አይዝለሉብኝ።

2. ስብሰባውን በምርቃት የከፈቱት እኚሁ ሽማግሌ ናቸው። ለአገር ሰላም፣ ለከብት ርቢ፣ ለዝናብ ሲመርቁ ሕዝቡ እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ «ሃ ታኡ»፣ ይሁን፣ አለ። ሰሌዳ ላይ የለጠፉት ቃለ ጉባኤ ግን «ሕዝቡ ዕቅዱን በአንድ ድምፅ ሦስት ጊዜ ደግፏል» ይላል። ዝናብ ለምነን መሬት መስጠታችንን የነገሩን ጸሐፊዎ ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

3. የኦቦ ዲሪርሳ ጤፍ ደርሷል። ባለቤታቸው አዴ ላሊሴ ደቦ ጠርተው ማጭድ ይዘው ቢሄዱ፣ ማሳው ላይ ችካል የተከሉት ሰዎች ጉዳዩ ሳይጣራ አይታጨድም ብለው መለሷቸው። ጤፍ ደግሞ ማጣራት የሚባል ነገር አያውቅም፤ ይረግፋል። ሳምንት ከቆየ ዊኑ የወፍ ነው።

ስለዚህ ሽማግሌውን ከነጥያቄያቸው እንዲመልሱልን፣ ጥያቄው ከከበደዎት እሳቸውን ብቻ እንዲመልሱልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

ሰባት ጊዜ አሸናፊ መሆኑ የተነገረው፣
ማሸነፉን ግን እስካሁን ያላየው አክባሪዎ፣
ጥሩሰው፣ ጡረተኛ መምህር

ማስታወሻ፦ ለሐሙሱ ስብሰባ መራቂ ሽማግሌ እንድንልክ የጻፉልን ደብዳቤ ደርሶናል። መራቂያችን እርስዎ ዘንድ ናቸው።