አምስተኛው ዓሣ

ጎንደር፣ ጥቅምት 24 ቀን 1952 ዓ.ም.

ውድ ወንድምዓለም፣

ደብዳቤ ሲጀመር የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል። የአንተን ጤና እንዴት እንደምጠይቅ ስላላወቅሁ ያን መስመር ዘልዬዋለሁ። እኛ ደኅና ነን። አባባ ያው ጽሕፈት ቤታቸው ናቸው። ጽጌሬዳ ቁመቷ እማዬን አልፏል። እኔም በሐምሌ ከጤና ትምህርት ቤት ተመረቅሁ፤ ነጭ ካፖርት አለኝ፣ አታምንም። ከጎርጎራ የተመለስነው ከትናንት ወዲያ ነው። እዚያ የሆነውን ከአንተ በቀር የምነግረው ሰው አጣሁ።

አዎ፣ ጎርጎራ ሄድን። ድሮ አባባ በጥቅምት የዓመት ፈቃዳቸውን ሲወስዱ በእህል ማኪና ላይ ተሳፍረን እንደምንሄደው። ቆላ ድባ ላይ ሸንኮራ ትገዛልንና ልጣጩን በጥርስህ እየገፈፍህ ለጽጌሬዳ ታቀብላት ነበር። ከባሕሩ ዳር ጣልያን የሠራው ቤት ውስጥ ሁለት ክፍል እንከራያለን፤ ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ዓሣ ነው። ጎንደር ስንመለስ ልብሳችን ሁሉ ዓሣ ዓሣ ይላል እያሉ ጎረቤቶች ይስቁብናል።

አንተ ዓሣ የምትበላው በግራ እጅህ ነበር። ግራኝ ሆነህ ተወልደህ እማዬ በአለንጋ ወደ ቀኝ መለሰችህ፤ እንጀራውንም ብዕሩንም በቀኝህ ያዝህ። ዓሣ ሲቀርብ ብቻ ግራህ ከተሸሸገችበት ትወጣለች። ከጅራቱ በአውራ ጣትህ ትጀምርና አጥንቱን አንድም ሳይሰበር እስከ ራሱ ትመዘዋለህ። ሥጋውን ለእኔ ታቀርባለህ፤ አንድ ጊዜ እሾህ አንቆኝ ልሞት ከደረስሁ ወዲህ፣ ጢም ካበቀልሁም በኋላ፣ እሾህ ለቃሚዬ አንተ ነበርህ። አጥንቱን ደግሞ ራሱን ወደ ባሕሩ አዙረህ ትሪው ዳር ታስተኛዋለህ።

«ቤቱን እንዳይስት ነው» ትለኝ ነበር።

ካንተ ወዲህ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ዓሣ አልገባም። በታንኳ የወጣህ ቀን ነፋስ እንኳ አልነበረም። የደንገል ታንኳዋ በማግስቱ ስትገኝ ውስጧ ደረቅ ነበር፤ ጫማህ ጎን ለጎን ተቀምጧል፣ ኮትህ ታጥፎ ከላዩ ላይ። አንተ ብቻ የለህም። የባሕሩ ዳር ሰዎች ያኔ ለእማዬ ወጋቸውን ነገሯት፤ ባሕር ሰው የወሰደበት ቤት፣ አጥንቱ ተገኝቶ እስኪቀበር ድረስ የዚያን ባሕር ዓሣ አይቀምስም። አጥንቱ ሳይገኝ ከቀመሰ ሰውየውን አሰናበተው ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይለቀሳል፣ ተዝካርም ይወጣል። እማዬ አላሰናበተችህም። ኮትህን በየወሩ ታጥባለች፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣለች፣ አጥፋ ትመልሳለች። እኔንም ሥላሴ ደጃፍ አቁማ አስማለችኝ፤ «ወንድምህ ሳይመለስ ወይም እኔ ራሴ ሳላሰናብተው ከጎንደር አትወጣም» ብላ።

ማልሁ። ያኔ መማሌ ቀላል ነበር፤ የምሄድበት አልነበረኝም።

አሁን ግን ተመድቤያለሁ ወንድምዓለም። ጋምቤላ። ወባ ሰዉን እንደ እሳት የሚፈጅበት፣ መንገዱ በክረምት የሚዘጋበት አገር ነው አሉኝ። ኅዳር አሥር ቀን ተገኝ ይላል ወረቀቱ፤ ካልተገኘሁ ቦታው ለሌላ ይሰጣል። ከደረት ኪሴ እያወጣሁ ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት እኔ ነኝ የማውቅ። ካርታ ላይ በጣቴ ሄጄ ደርሻለሁ። እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያ ሰሞን የኮትህን መታጠብ ሳይ እናደድብህ ነበር። ወይ ና፣ ወይ ሂድ እል ነበር በሆዴ።

አባባ ይህን ዓይተውብኝ መሰለኝ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ፈቃዴን ወስጃለሁ። ጎርጎራ እንሂድ» አሉ።

እማዬ እጇን ከገበታው ላይ አነሳች። «ምን ልንበላ?»

«የሚበላውን።»

«አንተ ሰው፣ ልጄን በአፌ ልግደለው ነው የምትለኝ?»

«የቀረውንስ ልጅ እዚህ አስረሽ ምን ልታደርጊው ነው?»

ትሪውን አንስታ ወጣች። በማግስቱ ግን ጓዝ ስታስር አገኘኋት።

ጎርጎራ የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ባለታንኳውን አያ እንኳየሁን ታስታውሳቸው የለም፣ ዓሣ አጠማመዱንም አጥንት አመዛዘዙንም ያስተማሩህን? አሁንም እዚያው ናቸው፤ ጥርስ ብቻ ቀንሰዋል። ከሩቅ ቆመው ስንወርድ ሲያዩን ቆዩና መጥተው እጄን ይዘው አስቀሩኝ።

«ምነው፣ ሐኪም ሆንህ አሉኝ! ዛሬም እሾህ የሚለቅምልህ ሰው ትሻለህ?»

ሳቅሁ። እሳቸውም ስቀው ወደ ኋላዬ አንድ ጊዜ ተመለከቱና ዓሣውን ሊያስጠብሱ ሄዱ።

ገበታው በረንዳው ላይ ተዘረጋ። ቀትር ነው፤ ባሕሩ አንድ ቦታ ላይ እንኳ አይንቀሳቀስም፣ የፈሰሰ ዘይት ይመስላል። ድሮ የሚጮኹት ወፎች የሉም። ትሪው መጣ፤ ቆሮሶ ዓሦቹ ከነራሳቸው ቡናማ እስኪሆኑ ተጠብሰው፣ ሎሚው ተቆርጦ፣ ዳጣው በትንሽ ሳህን። ሽታው ሲደርሰኝ አፌ ውሃ ሞላ። አፈርሁበት።

አባባ ቆጠሩ። «አያ እንኳየሁ፣ አራት ነን እኮ። አምስት ነው ያመጣኸው።»

«አምስት ናችሁ ብዬ ነዋ ጌታዬ። ከማኪናው ስትወርዱ አምስት ቆጠርሁ።»

«ሹፌሩን ይሆናል።»

«ሹፌሩማ መቼ ወረደ?» አሉ አያ እንኳየሁ። ወዲያው የተናገሩትን የሰሙ መሰሉ፤ ሸማቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ከደረጃው ወረዱ።

አባባ አማትበው ቆረሱ፣ ጎረሱ፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ዳጣው ነው» አሉ።

«ገና ዳጣውን አልነኩም፣ አባባ» አለች ጽጌሬዳ። ከዚያ እሷም አጎንብሳ መብላት ጀመረች፣ እያለቀሰች።

እማዬ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እኔን ታየኛለች። ገባኝ። እኔ ከበላሁ ትበላለች፤ የምትጠብቀው እኔን ነው። የኔ መሄድም የአንተ መሞትም እዚያ ትሪ ላይ ተጠብሶ ተቀምጧል። እጄን ሰደድሁ። የቱን እጄን እንደሆነ ልብ አላልሁም።

በዚያች ደቂቃ ባሕሩ ላይ አንድ ታንኳ አየሁ። በጣም ሩቅ ነው። ሰው ቆሞበታል፤ አይቀዝፍም፣ ቆሟል ብቻ። ዓሣ አጥማጅ ይሆናል አልሁ። ግን እንደዚያ ቀጥ ብሎ የሚቆም ዓሣ አጥማጅ አላውቅም። እሱን እያየሁ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አልነግርህም፣ አላውቀውማ።

«ዳኛው» አለችኝ እማዬ።

ድምፅዋ ልጅ እንዳይነቃ የምትጣራበት ዓይነት ነበር። ዞርሁ። ፊቴ ያለው ዓሣ አልቋል። አጥንቱ አንድም ሳይሰበር፣ አንድ ጭረት ሥጋ ሳይቀርበት፣ እንደ ማበጠሪያ ነጽቶ ትሪው ዳር ተኝቷል፤ ራሱ ወደ ባሕሩ ዞሯል። አፌ ውስጥ ጨዉና ሎሚው አለ። አንዲት እሾህ አልነካችኝም። እጆቼን አየሁ። ቀኜ ደረቅ፣ ንጹሕ ነው። ግራዬ እስከ አንጓዋ ዘይት በዘይት ሆናለች።

ጽጌሬዳ በአፏ ያለውን ማኘክ አቆመች። አባባ፣ «በስመ አብ» አሉ።

እማዬ ብቻ አልደነገጠችም። አምስተኛውን ዓሣ፣ ማንም ያልነካውን፣ በቀስታ ወደ እኔ ገፋችው።

«እስቲ ለእኔም አውጣልኝ፣ ልጄ።»

ማንን እንደጠራች አላወቅሁም። ግራዬን ሰደድሁ። አውራ ጣቴን ከጅራቱ አስገባሁ፤ ወንድምዓለም፣ ስታደርገው ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ጅራቱ እጄ ላይ ቀረ። ሥጋው ፈረሰ፣ እሾሁ ተበተነ፣ አንዱ ጥፍሬ ሥር ገብቶ አደማኝ። ጣቶቼ የተዋስኋቸው ይመስሉ ነበር። ዓሣውን ቁልል ፍርፋሪ አድርጌ ቀና ስል ባሕሩ ላይ ታንኳ አልነበረም።

እማዬ ፍርፋሪውን ስታይ ቆየች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ሲፈታ አየሁ።

«በቃ። ሂዷል» አለች።

ከዚያ ትሪውን ወደ ራሷ ሳበች። ያን ያበላሸሁትን ዓሣ፣ እሾሁን አንድ በአንድ እየለቀመች፣ ጨረሰችው። ለሦስት ዓመት ያልተለቀሰውን ለቅሶ ያለቀሰችው ከዚያ በኋላ ነው። አያ እንኳየሁ ሚስታቸውን ይዘው መጡ፣ የባሕሩ ዳር ሰዎችም መጡ፤ እስኪመሽ ድረስ አለቀስንህ።

ስንመለስ ማኪናው ላይ ጽጌሬዳ ጆሮዬ ሥር መጣች። «አውቀህ ነው አይደል? እማዬ እንድትለቅህ ብለህ?»

«በሥላሴ፣ አይደለም።»

«በሥላሴ ብዙ አትማል» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

መንገዱን ሙሉ ይህ ሲበላኝ መጣሁ። መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽህም፤ ሰው አጥብቆ ሲፈልግ እጁ ሳያማክረው ምን ሊሠራ እንደሚችል የተማርሁት ትምህርት አልነገረኝም። ግን ሁለተኛው ዓሣስ? አውቄ ያደረግሁት ቢሆን ሁለተኛው እንዴት እምቢ አለኝ? ይህን የሚያውቅ አንተ ነህ። ብትችል ለጽጌሬዳ ንገራት።

ተዝካርህ በኅዳር ሦስት ይወጣል። በማግስቱ እኔ እነሣለሁ። ዛሬ ጠዋት እማዬ ኮትህን አምጥታ ትከሻዬ ላይ አደረገችው። «ጋምቤላ ሙቀት ነው እኮ፣ እማዬ» ብላት፣ «መንገዱ ይበርዳል» አለች። ድሮ ሰርቄ ስለብሰው ይሰፋኝ ነበር። ልክክ አለኝ።

ይህን ደብዳቤ በእህል ማኪናው ለአያ እንኳየሁ እልከዋለሁ፤ በታንኳ ወስደው እዚያ፣ የአንተ ታንኳ ከተገኘችበት ዘንድ፣ ውሃው ላይ እንዲያኖሩልኝ። ጋምቤላ ባሮ የሚባል ትልቅ ወንዝ አለ፤ ዓሣው ሸጋ ነው ይላሉ። እበላለሁ። እሾሁን ራሴ መልቀም እለምዳለሁ፣ በቀኜ፣ ቀስ እያልሁ። አጥንቱን ግን ሁልጊዜ ራሱን ወደ ጣና አዙሬ አስተኛዋለሁ።

አንተም ቤትህን እንዳትስት።

እሾህ ትለቅምለት የነበረው ታናሽህ፣
ዳኛው ኃይለ ጊዮርጊስ