የማይረት ካሴት

ለምወድሽና ዓይንሽ ለራበኝ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ባልሽ ያን ደህና ነው? ሥራ ላይ ወድቆ የተጎዳው እግሩ ዳነለት? ልጅሽ ሐናስ፣ ያቺ የማላውቃት ቆንጆ፣ ጥርሷን ጨረሰች? እዚያ ዌሊንግተን በጋው እየገባ ነው አሉ። እዚህ ባራ ደሴት ደግሞ ነፋሱ የዶሮ ቤቱን ጣሪያ ወስዶ ቄሱ ግቢ ጣለው። ከሞርዶ ወገብና ከኔ ምላስ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ባሌን ወገቡ፣ እኔን ምላሴ አላስቀምጥ ብሎናል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ካሴት ይደርስሻል። አደራሽን፣ ይህን ሳታነቢ እንዳትከፍቺው። መጨረሻው ላይ አንዲት ሴት ስትጮህ ትሰሚያለሽ፤ ማን እንደሆነች ሳታውቂ ብትሰሚው ትደነግጫለሽ።

ነገሩ የጀመረው በአባዬ አንገትጌ ነው። ታውቂው የለም፣ ለቅዳሴ ካልሆነ በቀር ሸሚዝ የማይቀይር ሰው ነው። ድንች አውጥተን እንደጨረስን ግን፣ በአዘቦት ቀን፣ ተላጭቶ፣ ፀጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ሲወጣ አየሁት። ወዴት ነው አባዬ ብለው በጎቹን ላይ ነው አለኝ። በግ ለማየት የሚላጭ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔም ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ዓይኔን ጣልኩበት።

ሱቅ ብሄድ ባለሱቋ ኤፊ ገና ከበሩ ሳልገባ፣ ምነው ፔጊ፣ አባትሽን ኢየንን ምን ነካው አለችኝ። ከአየር ትንበያ በቀር ሬዲዮ የማይሰማው አባታችን ባዶ ካሴት ገዝቶ፣ የቄሱን መቅረጫ ተውሶ፣ ዘፈን ሊሰበስብ ነው። ለማን ብላው ለምወዳት ሰው አላት። «ለምወዳት ነው ያለኝ እንጂ ለምወደው አይደለም፤ ጆሮዬ ገና አልደከመም» ብላ የስኳሩን ከረጢት እስኪፈስ ድረስ አጠበቀችው።

ከዚያማ መንደሩን ዞረው። አንገስን ላሞቹ በረት ውስጥ ባለ ከረጢት ዋሽንቱን፣ ባግፓይፑን፣ አስነፋው፤ ላሚቱ ደንግጣ እስከ ማግስቱ ወተቷን ከለከለች። ሽማግሌውን ኒልን የቀዘፋ ዘፈን አስዘፈነው፤ ሰውዬው ጥርሱን ረስቶ ስለመጣ የሚቀዝፈው ጀልባ ይሁን ገንፎ አይለይም። ከዋናው ምድር ዓሣ ሊጭን የመጣውን ሾፌር እንኳን አልማረውም፤ መርከቡ ሊነሳ ሲል ይዞ የአገሩን ዘፈን በአገሩ ቋንቋ አስቀረጸው። ሾፌሩ እስከ ዛሬ እዚህ ደሴት ዘፈን በቀረጥ ነው እንዴ የሚከፈለው እያለ ያወራል አሉ።

ይህን ሁሉ ስቄ ባለፍኩት ነበር። ግን መንገዱ ሁሉ እየዞረ እባሕሩ ጫፍ የምትኖረው የባሕር ዳሯ ማይረት ቤት ያደርሰው ጀመር። ሞክሼሽን መቼም አትረሻትም፤ ባሏን ባሕር የወሰደባት፣ ያቺ ድምፀ መልካሟ። አባዬ ከረግረጉ ቆርጠን ያደረቅነውን የአፈር ማገዶ በጀርባው ተሸክሞ ወሰደላት። የኛን ጨው የበላ ዓሣ ወሰደላት። ሲመለስ ደግሞ ያፏጫል! እማዬ ካረፈች ወዲህ ሲያፏጭ ሰምቼው አላውቅም። ለሞርዶ ነግሬው፣ አንቺ ሴት፣ ሽማግሌው የሚያሞቀው ቢያገኝ ምን ቸገረሽ አለኝ። ምን ቸገረሽ! የእማዬ ወንበር ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣ፣ በእማዬ ማንቆርቆሪያ ሻይ ስትቀዳልኝ አስቢው እስቲ። እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው ሐሙስ ሳጥኑን ብከፍት የእማዬ ብርድ ልብስ የለም። ያ ራሷ ፈትላ የሸመነችው፣ ባለ ሰማያዊ ጥለቱ። ቤቱን አገላበጥኩት። ከዚያ ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ወደ ባሕር ዳሩ ሮጥኩ። በሩን ከማንኳኳቴ በፊት በመስኮት አጮለቅኩ፤ እህቴ፣ አንቺም ብትሆኚ ታጮልቂ ነበር።

የእማዬ ብርድ ልብስ ረጥቦ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል። የመንደሩ አሮጊቶች ዙሪያውን ተቀምጠው እየደበደቡት ይዘፍናሉ፤ ልክ ጨርቁ እንዲጠብቅ እርጥቡን እንደሚመቱበት እንደ ድሮው የሱፍ ውቂያ፣ እኔና አንቺ ጠረጴዛው ሥር ተደብቀን እግራቸውን ስንቆነጥጥ እንደነበረው። አባዬ መቅረጫውን እንደ ክርስትና ልጅ ታቅፎ ጥግ ቆሟል። ጨርቁን ጨርሰው አጠፉትና የጭብጨባው ዘፈን ተነሣ። ያ ልጃገረዶቹን የሚያስለቅሰን ዘፈን፤ ሴቶቹ ለአንዷ የወንድ ስም ያወጡላትና እሷ በዘፈን ትመልሳለች። ካልወደደችው በምታፈስ ጀልባ ያለ መቅዘፊያ ስደዱት ትላለች። ከወደደችው ቅጥራን የጠገበች ጀልባ ላኩለት ትላለች። ዝም ካለች ደግሞ ወዳው አፍራ ነው፤ ነገሩ አልቋል።

ሴቶቹ ለማይረት ማንን እንስጣት አሉ። ኢየንን፣ ኢየንን እንስጣት አሉ። የአባታችንን ስም! ከዚያ ጭብጨባው ብቻ ቀረ። እጆቹ ይመታሉ፤ የሚመልስ የለም። የባሕር ዳሯ ማይረት ዓይኗን ጨፍና ታጨበጭባለች እንጂ ትንፍሽ አትልም። እኔ ይህን ዝምታ ሳይ በሩን በትከሻዬ ብዬ ገባሁ። የምትሰሚው ጩኸት እንግዲህ የኔ ነው። የእናቴን ብርድ ልብስ ለሠርጋችሁ ነው ወይ ያልኩትም እኔ ነኝ።

አሮጊቶቹ እየተደጋገፉ ሳቁ። የባሕር ዳሯ ማይረት እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ልጄ፣ እኔ አባትሽን? ሲያንኮራፋ እዚህ ድረስ እየሰማሁት? የመጀመሪያውን ባሌን ባሕር ወሰደው፤ ይሄንንስ ገፍትሬ የምጥለው ራሴ ነበርኩ» አለች። ብርድ ልብሱስ ብላት ወደ አባዬ በአገጯ ጠቆመች። «ትናንት ይህንኑ ዘፈን በኔ ጨርቅ ላይ ጉሮሯችን እስኪደርቅ ዘፈንንለት፤ ለካስ ቀዩን ቁልፍ አልተጫነውም። ድገሙልኝ ይላል! በአንድ ጨርቅ አንድ ዘፈን ሁለቴ ይዘፈናል እንዴ፣ ገድ ለማጣት ነው? ሌላ ጨርቅ አምጣ አልነው።»

ታዲያ ማይረት የምትሏት ማናት አልኳቸው። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። ሁሉም አባዬን ያያሉ፤ አባዬ ጫማውን ያያል። «እኔ ስንት ማይረት ወልጃለሁ?» አለ።

እህቴ፣ ለካ አንቺን ነው። ሳታስፈቅጂው ፖላንዳዊውን ያንን አግብተሽ የጻፍሽ ዕለት ስምሽን ከአፉ አውጥቶ ባሕር የጣለው ይመስል ነበር። ደብዳቤሽ ሲነበብ በጎቹን ላይ ብሎ ይወጣል። ባልሽንማ «ያ ሰውዬ» ነው የሚለው። እኛም ፊቱ ስምሽን መጥራት ተውን፤ እንዲህ እንዲህ እያልን በዚህ መንደር ማይረት ሲባል የባሕር ዳሯ ብቻ ሆነች። የገዛ እህቴ ስም ሲዘፈን እየሰማሁ አላወቅኩትም።

ኢየንስ ብዬ ጠየቅኩት። ቄሱ ናቸው የነገሩት፤ «ያን» የሚለው የባልሽ ስም በፖላንዳውያን ዘንድ ኢየን ማለት ነው ብለውት። «ይኸው የገዛ ስሜን አልጠራም ብዬ ነው የኖርኩት» አለና መቅረጫውን አጠፋ። እንግዲህ ሠርግሽ ላይ ያልተዘፈነልሽን በእማዬ ብርድ ልብስ ላይ አዘፈነልሽ። ጩኸቴን አጥፉልኝ፣ እንደገና ይቀረጽ ብል ሴቶቹ ሦስተኛ ጨርቅ የለንም አሉኝ። ስለዚህ ታገሺኝ።

ያ ባዶ ጭብጨባ ግን ተበላሽቶ እንዳይመስልሽ፤ ያንቺ ቦታ ነው። እዚያ ላይ ዘፍነሽ መልሺው። እኔ በደብዳቤ ትመልስልሃለች ብዬው ነበር፤ ዘፈን በዘፈን ነው የሚመለሰው ብሎ ተቆጣኝ።

ሞርዶ ሰላም ይልሻል፤ ለያን ደግሞ ወገብህን ጠብቅ በይልኝ ብሏል። ኤፊ ሰላም ትልሻለች፤ ሁሉንም ከመጀመሪያው አውቄ ነበር ትላለች፣ አትመኛት። የባሕር ዳሯ ማይረት ሞክሼዬን ሳሚልኝ ብላለች። ባልሽን ያንን ሰላም በይልኝ፤ ሐናን ግንባሯን ሳሚልኝ። አባዬን ምን ብለህ ሰላም ልበልልህ ብለው፣ እንደ ልማዱ በጎቹን ላይ ብሎ ወጣ። አላመንኩትም፤ በመስኮት ተከተልኩት። የሄደው ወደ በጎቹ አይደለም። እማዬ ከሞተች ወዲህ ተገልብጣ የከረመችውን ጀልባ አቃንቶ እንደ ዘፈኑ ቅጥራን ያጠግባታል። በዚህ ብርድ፣ ክረምቱ ደጅ ቆሞ፣ ጀልባ ማን ይቀባል? ወጥቼ ብጠይቀው እንዳትበሰብስ ነው አለኝ።

እኔ ግን እጠረጥራለሁ።

እህትሽ ፔጊ
ባራ ደሴት፣ ኖቬምበር 1984